የደብረ ማርቆሱ የላብራቶሪ ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ይህችን አንብቡልኝ።

እናቴ ቢቸና ነው የምትኖረው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ከያዛት 9 ዓመቷ ነው። ክትትል አታቋርጥም፣ ኪኒኗን አትረሳም። የሄድንበት ሁሉ ግን የሚያየው ስኳሯን ብቻ ነበር። አንዱ ጋ ጣቷን ወግተው፣ ቁጥሩን ነግረው ይሸኙናል። ሌላው ጋ ግማሽ ቀን አስቀምጠውን "ሽንቷ ደህና ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?" ተባልን። አንዱማ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ "አሮጊቷ ጨው ታበዛለች" አለኝ። ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዳችን ደብረ ማርቆስ ወዳለ አንድ ላብራቶሪ ላከን። እማዬ የሽንቱን ዕቃ ይዛ ከመጸዳጃ ቤት ወጣች። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል፣ አብዛኛው ወንድ። ዕቃውን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ግድግዳው ጥግ ቆመች። መራመድ አቃታት። የላብራቶሪው ልጅ በመስኮቱ አያት። ሥራውን ትቶ ወጣ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት። "እማማ፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው፣ ምንም አይሳቀቁ" አላት። ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ "የሽንታቸው አልቡሚን በቁጥር ተለክቶላቸው ያውቃል?" ብሎ ጠየቀኝ። አያውቅም። ወረቀት ነክረው የሚያዩት ምርመራ ትንሹን መጠን ሊያመልጠው እንደሚችል ነገረኝ። ለእማዬም በሚገባት አስረዳት።

"እማማ፣ ወንፊትዎ ሲላላ ምን ይሆናል?"

"ፍሩሽካው ከዱቄቱ ጋር ይወርዳላ!"

"ኩላሊትም እንደዚያው ነው።"

አልቡሚን ደም ውስጥ መቅረት ያለበት ፕሮቲን ነው። በተደጋጋሚ ወደ ሽንት ካለፈ የኩላሊት ቀጫጭን የደም ሥሮች ተጎድተው ሊሆን ይችላል። የልብና የአንጎል ደም ሥሮችም አብረው እየተጎዱ ሊሆን ይችላል። ለካ የልብ ሕመምና የስትሮክ ስጋት በሽንትም ይታያል! በ9 ዓመት ይህን የነገረን አንድ ሰው የለም።

ከ30 በታች መሆን የነበረበት የእማዬ 180 ሆነ። ክሬቲኒን ከሚባል፣ ኩላሊት በሽንት ከሚያስወግደው ቆሻሻ ጋር አያይዘው ነው የሚያሰሉት፣ ስሌቱ እኔም አልገባኝ። "ትኩሳትም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል፣ በአንድ ውጤት አትደንግጡ" አለን። በሌላ ቀን የጠዋት ሽንት አስመጣን። ያም ከፍ ያለ ነበር። "ይህን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ዝም እንዳትሉ" አለ። ሐኪሟ ለግፊቷ ኢናላፕሪል ጀመረላት፣ የኮሌስትሮል መድኃኒትም ጨመረላት። ከ6 ወር በኋላ ወደ 70 ወረደ። እልል ነው ያልነው!

እባካችሁ፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ አስለኩ። ምልክት አትጠብቁ፣ እማዬን ምንም አላመማትም ነበር። ልጁ "ስሜን አትጻፊ" ብሎኛል፣ አድራሻውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ሂዱ፣ አታፍሩበትም። እኔ የእናቴ ሕይወት ነው ያተረፈልኝ።

እማዬ አንድ ጣሳ ማር ይዛለት ሄዳ ነበር። እምቢ ሲላት መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ወጣች። አሁን ቀጠሮ ሲደርስ ለጎረቤት ምርመራ አለብኝ አትልም። "ማርቆስ ልጄ ጋ ደርሼ ልምጣ" ነው የምትለው።