ባለ አራት መርፌው የጠረጴዛ መለኪያ፦ ለክሮሚየም ይበቃል፣ ለስፒን ግን ይቸገራል

አዳማ በሚገኝ ቤተ ሙከራችን የምንጠቀምበት ይህ ከውጭ የመጣ መለኪያ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ፣ በስስ ብረታማ ሽፋኖች ላይ ሬዚስታንስን (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም መጠን) ለመለካት የተሠራ አነስተኛ መሣሪያ ነው። የዳር ሁለቱ መርፌዎች ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፣ የመሃል ሁለቱ ደግሞ ቮልቴጅ ያነባሉ፤ በዚህም የሽቦውና የመገናኛው ሬዚስታንስ ከንባቡ ውጭ ይቀራል። የመርፌዎቹ ስፕሪንግ ለስላሳ በመሆኑ ጥቂት አስር ናኖሜትር ውፍረት ያለውን ሽፋን እንኳን አይቧጭርም፤ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል ጥንቃቄ አልጠበቅሁም ነበር።

አንቲፌሮማግኔት የጎረቤታም አተሞቹ ማግኔታዊነት እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ከውጭ ሲታይ ማግኔት አይመስልም፤ ስለዚህ ውስጣዊ ሥርዓቱን ለማየት ከቀላል መንገዶች አንዱ የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። ለማስተማሪያ አንቲፌሮማግኔት ከሆነው ከክሮሚየም የተሻለ ናሙና አላገኘሁም። ሥርዓቱ የሚፈርስበት የኔል ሙቀት በጥቅሉ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ፣ በአዳማ የከሰዓት ሙቀት ላይ ጥቂት ዲግሪ መጨመር ብቻ ይበቃል፤ ፈሳሽ ናይትሮጅንም ሆነ ውድ ምድጃ አያስፈልግም። የመሣሪያው ማሞቂያ ሰሌዳ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ፣ ተማሪዎች ወፍራም በሆነው ክሮሚየም ላይ የሬዚስታንሱ መስመር በዚያ ሙቀት አካባቢ ሲታጠፍ በግልጽ ያያሉ። በስስ ሽፋን ላይ ግን በውጥረትና በውፍረት ምክንያት እጥፋቱ ይደበዝዛል፣ ቦታውንም ይለውጣል፤ ይህ የመሣሪያው ጉድለት አይደለም። በ1988 ግዙፉ የማግኔቶሬዚስታንስ ክስተት (ሬዚስታንስ በማግኔት ተጽዕኖ በእጅጉ የሚለወጥበት) የታየው በብረትና በክሮሚየም ድርብርብ ሽፋኖች ላይ መሆኑን ስነግራቸው የተማሪዎቹ ትኩረት ይጨምራል።

ችግሩ የሚጀምረው ከስፒን፣ ማለትም ከኤሌክትሮኖች ውስጣዊ ማግኔታዊ ባሕርይ፣ ጋር የተያያዘውን ለውጥ ለመለካት ሲታሰብ ነው። በአንቲፌሮማግኔት ውስጥ የማግኔታዊው አሰላለፍ አቅጣጫ ከኤሌክትሪኩ ፍሰት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ሲለወጥ ሬዚስታንሱም ይለወጣል፤ ለውጡ ግን ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው፣ አሰላለፉ ሙሉ በሙሉ ቢገለበጥም ልዩነት አይታይም። በአንጻሩ የንጹሕ መዳብ ሬዚስታንስ በ1 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ብቻ ወደ 0.4 በመቶ ይለዋወጣል። የዚህ መለኪያ ቴርሞሜትር ደግሞ የተተከለው ከሰሌዳው በታች፣ ከናሙናው ርቆ ነው፤ የቤተ ሙከራው በር ሲከፈት የምታነቡት ንባብ የስፒን ሳይሆን የነፋስ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ በራሱ እያገላበጠ የማይለካ በመሆኑ፣ በመርፌዎቹና በሽፋኑ መካከል የሚፈጠረውን የሙቀት ቮልቴጅ ለማጥፋት በእጅ መገልበጥ ግድ ይላል፤ ይህ አሰልቺ ሥራ ነው።

ሻጩ ለብቻው የሚያቀርበውን የኤሌክትሪክ ምት ማመንጫ ግን አልመክርም። በ2016 በመዳብ፣ ማንጋኒዝና አርሴኒክ ውሁድ ሽፋን ላይ የአሰላለፉን አቅጣጫ በኤሌክትሪክ ምት መቀየር እንደሚቻል በሳይንስ መጽሔት መታተሙ እውነት ነው፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ በታዩ ሥራዎች አንቲፌሮማግኔት በሌለባቸው ሽፋኖች ላይም ተመሳሳይ ምልክት በማሞቅና በአተሞች መንሸራተት ሊፈጠር እንደሚችል ተረጋግጧል። ስለዚህ አንቲፌሮማግኔት የሌለበት፣ ለምሳሌ ከፕላቲኒየም ብቻ የተሠራ፣ የንጽጽር ናሙና ሳይኖር የሚገኝ ማንኛውም ውጤት ለሳይንሳዊ ጽሑፍ አይበቃም፣ ምቱ የሚፈጥረው ሙቀትም በዚህ መለኪያ ቴርሞሜትር ሊመረመር አይችልም። ሌላው ቅሬታዬ ሶፍትዌሩ መረጃውን በየመሃሉ የማያስቀምጥ መሆኑ ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ እስከዚያ የተለካው ሁሉ ይጠፋል።

በጀቱ ውስን የሆነ የትምህርት ክፍል መሠረታዊውን መሣሪያ ገዝቶ ለተጨማሪው ማመንጫ ሊያወጣ የነበረውን ገንዘብ በናሙናው ላይ በቀጥታ በሚለጠፍ ቀጭን ቴርሞኮፕል (ሙቀት የሚለካ ሽቦ) እና መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጥ አነስተኛ ዩፒኤስ ላይ ቢያውል ይሻለዋል።