መገናኛ ሄዳችሁ ማይክ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የኔን ጉድ ስሙ

ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ቃሌ ከሻከረ ይቅር በሉኝ።

የቅዳሜና እሁድ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉን። ስላይድ አያውቁም፣ ሃንድአውት አይሰጡም፣ ትምህርቱ ሁሉ አፋቸው ላይ ነው። ድምፃቸው ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ወደ ኋላ የተቀመጠ ሰው ግማሹን በግምት ነው የሚጽፈው። ያለፈው ቅዳሜ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜያቸው ነበር። ድምፃቸውን ለመቅዳት አስቀድመን አስፈቀድናቸው፤ “ምን ቸገረኝ፣ ቅዱ” አሉን።

ሰባት ሆነን 400፣ 400 ብር አዋጣን። 2,800 ብር። ገዢ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ “አንቺ ኮምፒውተር ታውቂያለሽ” ተብዬ። ከሰባታችን አንዷ አራስ ናት። ክፍል መምጣት ስለማትችል ብሩን ከሁላችንም ቀድማ በቴሌብር የላከችው እሷ ናት።

ዓርብ ዕለት መገናኛ ሄድኩ። የትኛው ሕንፃ ብላችሁ አትልፉ፣ ሁሉም ያው ነው። ልጁንም ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ቆሞ “ግቢ እህት፣ ምን ልስጥሽ?” የሚለው፤ “ኦርጅናል ነው” ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር የማይጨርሰው። የፈለግኩትን በግልጽ ነገርኩት። መምህሩ ኮታቸው ላይ የሚሰኩት ትንሽ ማይክ፣ ረጅም ገመድ ያለው፣ ከዚህ ላፕቶፕ ጋር የሚሠራ። ላፕቶፑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። “ከዚህ ጋር” አልኩት። ደግሜ “ከዚህ ጋር” አልኩት። ባለ 6 ሜትር ገመድ አንድ ማይክ አወጣ። “ኦርጅናል ነው።”

አሁን ያቺን ደቂቃ ልንገራችሁ፤ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ በዓይኔ ላይ እየዞረች ነው።

“ሞክርልኝ” አልኩት። “ችግር የለም” ብሎ ፒኑን ላፕቶፔ ጎን ሰካው። ማይኩን በሁለት ጣቱ ይዞ አፉ አጠገብ አደረገ። ከዚያ ጎንበስ አለ። ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ አለ፣ ስክሪኑን ሊስመው እስኪመስል ድረስ። “ሄሎ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እህቴ እንዴት ነሽ?” አለ። መልሶ አጫወተው። ቁልጭ ያለ ድምፅ! እኔም ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ስልኬን አውጥቼ “እስቲ በዚህም እንየው” ስለው፣ “ኧረ ተይ፣ ስልኩን ያበላሽብሻል” ብሎ ማይኩን ቶሎ ነቅሎ ወደ ካርቶኑ ከተተው። እኔ ደግሞ ለስልኬ የተጨነቀልኝ መስሎኝ አመሰገንኩት።

አመሰገንኩት!

ከዚህ የባሰ ሞኝነት ደግሞ አለላችሁ። ኦዳሲቲ፣ ድምፅ የምንቀዳበት ፕሮግራም፣ ስክሪኑ ላይ የሚቀዳበትን ማይክ ስም ይጽፋል። “ማይክሮፎን አሬይ” ይላል፣ በግልጽ። እኔ አሬይ የማይኩ ብራንድ መሰለኝ። ላፕቶፑ ለራሱ፣ አብሮት ለተሠራው ማይክ የሚሰጠው ስም መሆኑን ያወቅሁት ቅዳሜ ማታ ነው። ኮምፒውተር ታውቃለች የተባልኩት እኔ!

ቅዳሜ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል መምህሩ ተናገሩ። ማይኩን ኮታቸው ላይ የሰካሁላቸው እኔው ነኝ። ሶኬት ያለው ሦስተኛው ረድፍ ጋ ስለሆነ ላፕቶፑን ይዤ እዚያ ተቀመጥኩ። በኢርፎን ልከታተል ብል ቀዳዳው አንድ ብቻ ነው፣ ማይኩ ይዞታል። አረንጓዴው መስመር ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ “እየቀዳ ነው” ብዬ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ማስታወሻ እንኳ አልያዝኩም። መምህሩ ደግሞ እንደዚያ ቀን ተናግረው አያውቁም። ሊሰናበቱን ነዋ።

ማታ ቤት ከፈትኩት። የፋን ድምፅ። ሹ……። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የብስኩት ላስቲክ ሲቀድ ጥርት ብሎ ይሰማል። የኔ ሳል ይሰማል፤ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። መምህሩ? ጎረቤት ግቢ ውስጥ ሰው የሚያወራ ይመስላል። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ፋኑም አብሮ ከፍ ይላል።

ነገሩ ይኸውላችሁ። የኔ ላፕቶፕ ለኢርፎንም ለማይክም አንድ ቀዳዳ ነው ያለው። እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ማይኩን የሚያውቀው ፒኑ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ሲኖር ነው። የተሸጠልኝ ማይክ ሁለት ቀለበት ነው ያለው፤ የካሜራ ነው። ሲሰካ ላፕቶፑ ማይክ እንደመጣለት አያውቅም፤ በራሱ ማይክ መቅዳቱን ይቀጥላል። የራሱ ማይክ ደግሞ የተሠራው ፊት ለፊቱ ለተቀመጠ ሰው ነው። ለዚያ ነው ልጁ ጎንበስ ያለው። ስልኬም ላይ አልሞክርም ያለው ለዚያው ነው፤ ስልክም ባለ ሁለት ቀለበቱን እንደ ማይክ አይቀበለውም። ማይኩ በእጁ ነበር፤ የሰማው ግን ላፕቶፔ ነው።

አላወቀ ይሆናል የሚል ካለ ይቆየኝ። ዛሬ ከሥራ አስፈቅጄ ተመለስኩ። ገና ሳልጨርስ፣ “ይሄማ የካሜራ ነው፤ ለላፕቶፕ ነው ማን አለሽ?” አለኝ። “አንተ!” አልኩት። መሳቢያውን ሳበ። እንደ ጣት ያጠሩ ገመዶች ሞልተውታል። ባለ ሁለት ቀለበቱን ወደ ባለ ሦስት የሚቀይሩ። “ይሄ ከሌለው አይሠራም፤ 600 ብር” አለኝ። አንድ መሳቢያ ሙሉ! ዓርብ ዕለት ላፕቶፔ ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ መሳቢያው እዚያው ነበር።

ብሬን መልስ አልኩት። ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ፦ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም”። የሸማቾች አዋጁ፣ 813/2006፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሼ እንዲቀየርልኝ ወይም ብሬ እንዲመለስልኝ መጠየቅ እችላለሁ ይላል ብዬ ነገርኩት። “ታዲያ ዕቃው ምን ጉድለት አለው? አጠቃቀም ስለማታውቂ ነው” አለኝ። ደረሰኙን አሳየሁት። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው “አክሰሰሪ” ብቻ ነው። የምን፣ ለምን፣ አይልም። አጠገቡ ቆማ ስልኳን ስትነካካ የነበረች ልጅ ቀና ብላ አየችኝና፣ “ማዘር፣ እዚህ አትጩሂ፣ ደንበኛ ይሸሻል” አለችኝ። 31 ዓመቴ ነው።

ገመዱን አልገዛሁም። ቢሠራስ ምን ሊቀዳልኝ ነው? መምህሩ ጨርሰዋል።

ለምትገዙ፦ ማይኩ ተሰክቶ እየቀዳ ሳለ ራሱን በጥፍራችሁ ኳ ኳ አድርጉት፣ ከዚያም ላፕቶፑን። የትኛው ኳኳታ እንደጎላ መልሳችሁ ስሙ። ቀለበቱን ቁጠሩ። ደረሰኙ ላይ “ለላፕቶፕ የሚሆን ማይክ” ተብሎ ይጻፍላችሁ። በቃ።

አራሷ ጠዋት ጽፋልኛለች። “ሕፃኑ ተኝቶልኛል፣ ቅጂውን ላኪልኝ፣ ልስማው” ትላለች። እስካሁን አልመለስኩላትም።