ማንጎ የለሽ ስፕሪስ

ስለ አንድ ጁስ ቤት ላወራችሁ ነው፣ መጀመሪያ ግን ስለ ሆዴ። ጅማ ውስጥ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ከሂርማታ ፈረንጅ አራዳ ስመላለስ እውላለሁ። ሆዱ ተነፍቶ ጉድጓድ በጉድጓድ መንገድ ላይ የነዳ ሰው ጭንቄ ይገባዋል።

አሜባ ነው ተብዬ ሁለት ዙር መድኃኒት ጨረስኩ። ባለቤቴ በበኩሏ ጨጓራ ነው ብላ በርበሬ ከለከለችኝ። ኋላ አንዲት ሐኪም የምበላውን የምጠጣውን ሁሉ አስጻፈችኝ። ለካ ጠዋት በርዝ፣ ከሰዓት የማንጎ ጁስ! ጥፋተኛው የማርና የፍራፍሬ ስኳር ነው፣ ፍሩክቶስ ይሉታል። ትንሹ አንጀት ሳይወስደው ያለፈውን ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ጋዙ፣ ጩኸቱ፣ ተቅማጡ ከዚያ ነው። ግሉኮስ የሚሉት ሌላው ስኳር አብሮት በበቂ ካለ ግን በቀላሉ ይገባል። 100 ግራም ማር ወደ 38 ግራም ፍሩክቶስ አለው፣ ግሉኮሱ 31 ገደማ ነው። ማንጎም እንደዚያው ወደ ፍሩክቶስ ያዳላል። የጅማ ልጅ ሆኖ ማር መተው፣ በሉ ፍረዱ።

እንግዲህ ጁስ ቤቱ። ፈረንጅ አራዳ ውስጥ ነው፣ ጠባብ፣ አራት የፕላስቲክ ወንበር ብቻ። ሌላ ቦታ "ማንጎ አልፈልግም" ስል "ትንሽ ነው፣ ምንም አይልህም" ይሉኛል። ማታውን የሚለኝን እኔ አውቃለሁ። እዚህ ያለችው ልጅ ግን አልተከራከረችም። መፍጫውን አጥባ አቮካዶና ፓፓያ ብቻ ደረበችልኝ፣ ሎሚ ጨመቀችበት። አቮካዶ ፍሩክቶሱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የጅማ አቮካዶ ደግሞ ማንኪያ ያቆማል። ማጣፈጫ ስትጠይቀኝ ከማሩ ይልቅ ትንሽ ስኳር አልኳት። ስኳር ግማሹ ግሉኮስ ስለሆነ ልኩን ካላለፈ ለእኔ ይሻለኛል። (ከሕፃንነት የሚጀምር፣ ጉበትን የሚጎዳ ሌላ ከባድ የፍሩክቶስ ሕመምም አለ። ያ ያለበት ስኳርም አይነካም፣ የእኔን አይቅዳ።)

ቅሬታም አለኝ። አንድ ቅዳሜ ሰው በዝቶ መፍጫውን ሳያጥቡ ፈጩልኝ። ቀለሙን አይቼ መለስኩት፣ ሳያጉረመርሙ ቀየሩልኝ። ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ ፓፓያ ያልቃል። መብራት ከጠፋ ወንበሩም ባዶ ነው፣ ጄኔሬተር የላቸውም።

ብርጭቆው ትልቅ ነው፣ ምሳ ያስረሳል። አሁን ባጃጄን ከሩቅ ሲያዩ ልጅቷ ወደ ውስጥ ትጮሃለች፦ "ማንጎ የለሹ መጣ!"