ባለ 16 ፖርት ኮንሶል ሰርቨር ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ዕቃው ጎበዝ፣ አፕዴቱ ጣጣ

ብራንዱን አልጠራም። ይህን የምጽፈው ሊገዛ ላሰበ ብቻ ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ዕቃ ገዝቶ «አፕዴት ካደረግኩት ወዲህ ክራሽ ያደርጋል» እያለ ለተቸገረም ጭምር ነው።

ለማያውቀው፣ ኮንሶል ሰርቨር የራውተር፣ የስዊችና የፋየርዎል ኮንሶል ፖርቶችን (ኔትወርኩ ባይሠራም ዕቃውን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚያዝዙባቸውን መሰኪያዎች) በኬብል ሰብስቦ ከሩቅ የሚያስገባ ሳጥን ነው። አንዱ የተሳሳተ ኮንፊገሬሽን ጭኖ ራውተሩን ቢዘጋው የቀረው መግቢያ እሱ ብቻ ነው። የኛው ያለው ድሬዳዋ ቅርንጫፍ፣ እኔ ያለሁት አዲስ አበባ። መሀሉ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ብቅ ብሎ ኬብል መሰካት የሚባል ነገር የለም።

እንደ ዕቃ ካየነው እንከን አላገኘሁበትም። ፋን የለውም፣ ግን የድሬን ሙቀት ችሎታል። መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ ሲደክም፣ መብራቱ እንደተመለሰ ከራውተሮቹ ቀድሞ ተነስቶ ይጠብቀኛል። ዋናው መስመር ሲቋረጥ ወደ ሲም ካርዱ ይዞራል፤ ኮንሶል ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ደካማ ሞባይል ዳታም ይበቃዋል። የዌብ ገጹ ግን በሲም ካርድ አይታሰብም፤ እስኪከፈት ቡና ይፈላል። በኤስኤስኤች (በተመሰጠረው የጽሑፍ ትእዛዝ መግቢያ) ግቡ።

ከዚያ አዲሱ ፈርምዌር፣ ማለትም ሳጥኑን የሚያንቀሳቅሰው የውስጥ ሶፍትዌር፣ መጣ። የደኅንነት ቀዳዳ ይደፍናል ስለተባለ ችላ የሚባል አልነበረም። ተጫነ፣ ተነሳ፣ ፖርቶቹ ሁሉ ሠሩ። ጥቂት ቆይቶ የድሬው ቴክኒሺያናችን ደወለ፦ «አቦ፣ ይሄ ሳጥንህ ራሱን ያጠፋል፣ ራሱን ያበራል! ምን አስነካኸው?»

ነገሩን ያወሳሰበው ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ መምጣቱ ነው። የመጀመሪያው ጭራሽ ክራሽ አልነበረም። በየሌሊቱ እየገባ ኮንፊገሬሽን የሚወስደው ስክሪፕታችን መግባት ተከለከለ፤ ሁላችንም ሳጥኑ ሞቷል አልን። አዲሱ ፈርምዌር ይዞት የመጣው ኦፕንኤስኤስኤች (ኤስኤስኤችን የሚያሠራው ፕሮግራም) አዲስ ነበር። ኦፕንኤስኤስኤች ደግሞ ከ2021ዱ 8.8 ስሪት ጀምሮ በአርኤስኤ ቁልፍ በሻ-1 (በአሮጌው፣ ደካማ በሆነው ስልት) የተሠራ ፊርማ ካልፈቀዱለት በቀር አይቀበልም፤ ስክሪፕቱ ያለበት አሮጌ ሰርቨር በአርኤስኤ ሲፈርም የሚያውቀው ያንኑ ብቻ ነው። ቁልፉን ሻ-1ን ወደማይጠቀመው ሌላ ዓይነት፣ ወደ ኢዲ25519፣ ስንቀይረው ያ ጉዳይ ተዘጋ።

እውነተኛው ክራሽ ግን ቀጠለ። ሳጥኑ የራሱን ሎግ (የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) የሚያስቀምጠው ሚሞሪ ላይ ስለሆነ በተነሳ ቁጥር ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ወደ አዲስ አበባ በኔትወርክ የሚላከው መዝገብ፣ ሲስሎጉም፣ መጨረሻው ላይ ዝም ይላል። የረዳን የራሱ የኮንሶል ሰርቨሩ ኮንሶል ነው፦ ቴክኒሺያኑ አሮጌ ላፕቶፕ ሰክቶበት፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ሁሉ ፋይል ላይ እያስቀመጠ ተወው። በሚቀጥለው ክራሽ የፈለግነው መስመር ተገኘ፦ «አውት ኦፍ ሜሞሪ»፣ ሚሞሪ አለቀ ማለት ነው። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ፖርቶቹን የሚቆጣጠረውን ፕሮሰስ ገድሎታል፤ ሥራው መቀጠሉን የሚጠብቀው ዎችዶግ መልስ ሲያጣ ሳጥኑን ሪስታርት አድርጎታል።

ሚሞሪውን ምን ሞላው? አዲሱ ስሪት በየፖርቱ የሚያልፈውን ጽሑፍ ሁሉ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሚሞሪ ላይ መመዝገብ ጀምሯል፤ ገደብም የለውም። ከፖርቶቹ አንዱ ላይ ደግሞ ዲበግ (ለችግር ፍለጋ የሚወጣ ዝርዝር መልእክት) እንደበራበት የተረሳ አሮጌ ራውተር አለ፤ ሌት ተቀን ይለፈልፋል። በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት አንድ ፊደል ከመነሻና ከመቆሚያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ በሰከንድ 960 ባይት ማለት ነው። በቀን ሲሰላ ወደ 83 ሜጋባይት ይጠጋል። ለላፕቶፕ ምንም አይደለም፣ ለዚህች ትንሽ ሳጥን ግን የቀናት ዕድሜ ነው። ክራሹ ሰዓት የማይጠብቀውም ለዚህ ነበር፤ ራውተሩ ሲያበዛ ይፈጥናል፣ ሲቀንስ ይዘገያል።

ዲበጉን አጠፋን፣ የፖርት ምዝገባውን ሚሞሪ ላይ ከማስቀመጥ ወደ ሲስሎግ አዞርነው፤ ሪስታርቱ ቆመ። የአምራቹ ድጋፍ ክፍል እስከዚያ ድረስ ደጋግሞ የሚመክረን «ፋክተሪ ሪሴት አድርጉት» ነበር። ከሩቅ ለሚሠራ ሰው ይህ የገዛ መንገዱን ማፍረስ ነው፤ አይፒውም የሲም ካርዱ ቅንብርም አብረው ይጠፋሉ። ያገኘነውን መስመር ከላክንላቸው በኋላ ግን፣ ለሐቁ፣ ቋንቋቸው ተቀየረ፤ ቀጥሎ የመጣው ስሪትም ለምዝገባው ገደብ አበጀለት።

ወደ አሮጌው ስሪት መመለስስ? ሁለት ፈርምዌር ጎን ለጎን ስለሚይዝ መመለሱ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ባለው መለዋወጫ ላይ ስሞክረው ግን አሮጌው ስሪት አዲሱ የቀየረውን የኮንፊገሬሽን ፋይል ማንበብ አቅቶት ባዶውን ተነሳ። ከአፕዴቱ በፊት የወሰድነው ባክአፕ ሲጫንበት ብቻ ነው የተስተካከለው። ድሬ ላይ ቢሆን ኖሮ የአንድ ቀን የመኪና መንገድ ነበር። ያለ ባክአፕ «ወደ ኋላ ተመለስ» የሚለውን እንዳትነኩ።

ድጋሚ እገዛዋለሁ? አዎ፣ ለባሕር ዳር ሌላ አዝዘናል። የአፕዴት ማስታወሻቸው ላይ ግን ቅሬታዬ አልበረደም፤ ይህን ሁሉ ያመጣው ለውጥ የተጠቀሰው በአንዲት መስመር፣ ያውም «ማሻሻያዎች» በሚለው ርዕስ ሥር ነው።