በሶብላ፦ ሳያብብ ይቆረጥ ወይስ ካበበ በኋላ?

ሀዋሳ ውስጥ በረንዳ ላይ በባልዲ በሶብላ ለምታሳድጉ፣ ትልቁ ጥያቄ መቼ ይቆረጥ የሚለው ነው። ሳያብብ ከቆረጣችሁት ቅጠሉ ለስላሳ ነው። ጫፉ ሲቀጠፍ ከጎን ያቆጠቁጣል፤ ደጋግማችሁ ትቆርጣላችሁ። ለእርጥቡ ይሄ ይመቻል።

ለበርበሬ፣ ለሽሮና ለቅቤ ማንጠሪያ ግን እኔ ያበበውን እመርጣለሁ። እናቶቻችን የሚያውቁት በሶብላ የደረቀው የአበባ ዘለላ ነው እኮ! ዘሩ ሳይረግፍ፣ ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ ቁረጡት። መዓዛውን የያዘው ዘይት በቀላሉ ይተናል፤ ስለዚህ ፀሐይ ላይ አታስጡት። በትንሽ በትንሹ አስራችሁ አየር ያለው ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ክረምት ላይ እርጥበቱ እንዳያሻግተው መስኮት ክፈቱ። ሽታው ለሚከብደው ሰው ከመኝታ ክፍል ይራቅ። ሲደርቅ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት።