ለታዳጊዎች የሚሆን የስፓኒሽ ጀማሪ መጽሐፍ፦ ሐዋሳ ላይ ገዝተን ያየናቸው ሁለት

ለ14 ዓመት ልጄ የስፓኒሽ መማሪያ ስፈልግ፣ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ መጽሐፍ መደብር ሁለት መጻሕፍት ገዝቼ ለሦስት ወር ያህል አብረን ሞከርናቸው። የመጀመሪያው የቱሪስት መነጋገሪያ ሲሆን፣ የሆቴል ክፍል ስለመያዝና ሂሳብ ስለመጠየቅ ብቻ ስለሚደረድር ለታዳጊ አይሆንም።

ሁለተኛው ለ«ኤ1» (ለመጀመሪያው የጀማሪ) ደረጃ የተዘጋጀ የተማሪ መጽሐፍ ነው። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ እግር ኳስ በሚያወሩ አጫጭር ንግግሮች ስለሚጀምር ልጄ ሳትሰለች ገፋችበት። በተለይ «ሴር» እና «ኤስታር» የተባሉትን፣ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ሁለቱም «ነው» የሚሆኑትን ግሦች፣ «ሶይ አልታ» (ረጅም ነኝ) እና «ኤስቶይ ካንሳዳ» (ደክሞኛል) በሚሉ ምሳሌዎች የለየበት ገጽ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። ስለ «ኘ» ድምፅ የሚያትተውን ክፍል ግን ዘለልነው፤ «አኞ» (ዓመት) ለማለት የሚቸገር አማርኛ ተናጋሪ የለምና።

ቅሬታዬ ከመጽሐፉ ጋር መምጣት በነበረበት የድምፅ ሲዲ ላይ ነው። ሻጩ አብሮ አለ ቢለኝም፣ ቤት ገብተን ስንከፍተው ኪሱ ባዶ ነበር። በዚህም ምክንያት ልጄ ያልሰማችውን ቃል እንደ እንግሊዝኛ እያነበበች፣ «ኦላ» መባል ያለበትን ሰላምታ ለሳምንታት «ሆላ» ስትል ከረመች። ስለዚህ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ድምፁ መኖሩን፣ ያገለገለ ከሆነም መልመጃዎቹ በእስክሪብቶ አለመሞላታቸውን እዚያው ገልጦ ይይ።