የዕድራችን የማታ ጥናት፦ ልጅ ለመላክ ለምታስቡ ወላጆች

ባጃጅ ነጂ ነኝ። ከመናኸሪያ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አቶቴ፣ ከአቶቴ ፍቅር ሐይቅ ስል ነው የምውለው። ሐዋሳ ውስጥ ወላጅ በጫንኩ ቁጥር ወሬው አንድ ነው፤ «ልጄን የት ላስጠናት?» ለእያንዳንዱ ከምደግመው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

የማወራው ታቦር ተራራ ግርጌ ያለው የሰፈራችን ዕድር በአዳራሹ ስለሚያስጠናው የማታ ጥናት ነው። ባጭሩ፣ ላኩ። ጉድለቱንም ግን ሰምታችሁ ላኩ።

የ12ኛ ክፍል ነገር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014ቱ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። ያን ዓመት አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። በ2016 5.4 ሆነ፤ እሱም ተመስገን ተባለ። የእኛ አዳራሽ ያን ጊዜ ድንኳንና ብረት ድስት ተቆልፎበት ነው የሚከርመው። ከአባላቱ መካከል ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህራን አሉ። የዕድሩ ዳኛ ሁለቱን አገናኙ፤ ጥናቱ ተጀመረ።

ከዚያ በፊት ልጄን ከፍዬ ቱቶሪያል አስገብቻት ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። ትምህርቱ መጥፎ አልነበረም። ግን ወር ሲያልቅ ያልከፈሉትን ስም ክፍል ውስጥ ያነቡታል። ልጄ ስሟ የተነበበ ዕለት ቤት መጥታ «ሁለተኛ አልሄድም» አለች፤ አልሄደችም።

እዚህ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ወር ሲገባ ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ነጭ ፖስታ ይታደላል። ስም አይጻፍበትም። መዋጮው 150 ብር ነው። ያለው ጨምሮ ያስገባል፣ የሌለው ባዶውን አሽጎ ይመልሳል። ሁሉም በሩ አጠገብ ያለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይጨምሩታል። ገንዘብ ያዡ የሚቆጥሩት ድምሩን ነው፣ ማን ስንት እንደሰጠ የሚያውቅ የለም። ባጃጄ ጋራዥ የገባች ወር ባዶ ፖስታ ልኬያለሁ። ልጄ እንደ ሌላው ቀን ገብታ ተማረች፣ በቃ።

ይበልጥ ያሳመነኝ ግን ለሴቶቹ ያደረጉት ነው። ጥናቱ ከ12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2፡30 ነው። በዚያ ሰዓት ሴት ልጅ ወይ ወጥ ትሠራለች ወይ ሱቅ ትላካለች። የሴቶች ዕድር እናቶች ቤት ለቤት ዞረው «ከ12 ሰዓት በኋላ አትላኳቸው» ብለው ለመኑ። እምቢ ያለ ቤት እየተመላለሱ አስቸገሩት፤ እነሱን ደግሞ የሚችላቸው የለም። ሲያልቅም ተራ ገብተው ሴቶቹን በቡድን በየበራቸው ያደርሳሉ። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ አንዲት የግል ተፈታኝም አለች። ሺፍቷ ሲቀየር ያመለጣትን ትምህርት መምህራኑ ቅዳሜ ለብቻዋ ይደግሙላታል።

ስለ ማስተማሩ፣ ፊዚክስና ሒሳብ አንደኛ ናቸው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ ግን ታች ክፍል ገሚሱ በሲዳምኛ፣ ገሚሱ በአማርኛ የተማሩ ናቸው። የፊዚክሱ ቲቸር ማንንም ዝም ብሎ አያስቀምጡም። አንድ ማታ ቀድሜ ደርሼ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። «ባጃጅ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ለምን ወደ ፊት ይሄዳል?» አሉ። (ነጂው ስለማይችል ነዋ፣ ልል ነበር።) አንዱ በሲዳምኛ አስረዳ። አንዷ ተነስታ «ልክ ነው፣ ግን የሚሄደው ሰውየው ብቻ አይደለም፣ ዕቃውም ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ነው የእንግሊዝኛውን ጥያቄ አንብበው ወደ ስሌቱ የገቡት። ሰሌዳው ጋ የቆመው ልጅ ሲሳሳት የሳቀበት አልነበረም። የሳቀ ልጅ ቀጥሎ ሰሌዳ እንደሚወጣ ያውቃላ።

እንግሊዝኛው ግን ደከም ያለ ነው። የሚያስተምሩት በጎ ፈቃደኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ጎበዞች ናቸው፤ የራሳቸው ፈተና ሲደርስ ግን ይጠፋሉ። አይፈረድባቸውም፣ ግን ለምን ተተኪ አይዘጋጅም?

ሌላው የአግዳሚው ነገር ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ከሞተ አግዳሚው ሁሉ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። ዕድር ነዋ! እስኪመለስ ልጆቹ ሰሌን አንጥፈው ነው የሚማሩት።

ኮምፒውተር በጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። ሁለት አሮጌዎች አሉ፣ አንዱ መብራት ካልፈለገው አይነሳም። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ፈተናው በኦንላይንም ይሰጣል። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ እዚያ ቁጭ ሲል ሰዓቱ የሚያልቀው ጥያቄውን ሳያነብ ነው። ኮሚቴው ይህን ቀለል አድርጎ ማየቱ አልገባኝም።

የበሩ ደረጃም ያናድደኛል። በዊልቸር የሚመጣ ልጅ አለ፣ ጓደኞቹ ተሸክመው ያስገቡታል። ልጆቹን እግዜር ይስጣቸው፤ እሱ ግን ወጥቶ ለመሄድ እንኳ ሰው መጠበቅ አለበት። ለዊልቸር የሚሆን ተዳፋት መሥራት ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶና የአንድ ግንበኛ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። በየስብሰባው «ይታያል» ይባላል።

ምዝገባው መስከረም ላይ ነው። የዕድሩ አባል ባትሆኑም ልጁ የሰፈሩ ከሆነ ይቀበላሉ። 9ኛ ክፍል የገባ ካላችሁ ቶሎ አስመዝግቡት፤ ከታች ጀምሮ የያዙትን ልጅ ነው በደንብ የሚያበቁት። ግንቦት ላይ የ12ኛ ክፍል ልጅ እየጎተታችሁ ብትመጡ ቲቸር አይቀበሉም። እኔንም አማልደን ብትሉኝ አልገባበትም።